ሁለተኛው ቁጥር የጠፋኝ ዕለት

መምህር እሸቴ ሲሞት አየሁ ብሎ የነገረኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። በሕይወት አለ ብሎ የነገረኝም የለም። ከደባርቅ ወጥቶ በጨነቅ በኩል ወደ በየዳ ከሄደ አራት ክረምት አለፈ። ባለፈው ጥቅምት ዳባት፣ እናቱ ቤት፣ ለቅሶው ተለቀሰ፤ ፍትሐትም ተደረገለት። እኔም ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ንፍሮ ዘገንሁ። አሁን ሰው ስለ እሱ ሲያወራ እሰማለሁ፤ አንዱ ጀግና ያደርገዋል፣ ሌላው ነካ ያደርገው ነበር ይላል። ሁለቱም ውሸት ነው። የሒሳብ መምህር ነበር። እንደ ነበረው አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው የተነሣሁት።

እኔ ሞላ ነኝ፤ ሰፈሩ አያ ሞላ ይለኛል። ትምህርቴ ከቄስ ዘንድ ፊደልና ዳዊት ነው፤ ዳዊቱንም እኩሌታው ላይ ትቸዋለሁ። ስጽፍ እጄ ይዘገያል፤ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ። ቀድሞ ከቡይት ራስ በቅሎ እየጫንሁ ፈረንጅ ተራራ አወጣ ነበር። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ደባርቅ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርሁ። መምህር እሸቴን ያወቅሁት እዚያ ነው።

ቀጭን ነው፣ ረጅም፣ ግራኝ። ጠመኔውን የኮቱ ደረት ኪስ ውስጥ ይከትተዋል፤ ኪሱ ሁልጊዜ ዱቄት የነካው ይመስላል። ሲያስብ አገጩን በጠመኔው ይመታል። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ከክፍል ሲወጣ ጢሙ የሸበተ ይመስላል። «አገጭህን ጥረግ፣ ሽማግሌ ሆነህ ወጣህ» እለዋለሁ። በእጁ ጀርባ ይጠርገዋል፤ እጁም ጠመኔ ነውና ይብስበታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል አስከፍቶ ለማስተርስ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁትን በነጻ ያስተምር ነበር። መምህራን ይመጣሉ፣ የጤና ጣቢያ ሰዎች ይመጣሉ፣ ተመርቀው ሥራ ያጡም ይመጣሉ። ከበየዳ ድረስ የሚመጡ ሁለት መምህራንም ነበሩ፤ ዓርብ ተነሥተው ቅዳሜ ይደርሳሉ። የእኔ ሥራ በር መክፈትና መዝጋት ነው። በሩ ደግሞ ከክፍሉ መስኮት አጠገብ ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ።

የዚህ ፈተና አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ። ሰውን ሁሉ የሚጥለው እሱ ነው። ስለ አንድ ድፍን ቁጥር ይጠይቅሃል፤ ቁጥሩን ግን አይነግርህም። «ይህ ቁጥር ለስድስት ያለ ቀሪ ይካፈላል ወይ?» ይልሃል እንበል። ከዚያ ሁለት ፍንጭ ይሰጥሃል። አንደኛ፣ ለሦስት ይካፈላል። ሁለተኛ፣ ለሁለት ይካፈላል። አንተ ቁጥሩን ፈልገህ አምጣ አልተባልህም። የተጠየቅኸው፣ ቁርጡን አዎ ወይም አይደለም ለማለት ይህ ፍንጭ ይበቃሃል ወይ ነው። አንደኛው ብቻውን ይበቃል? ሁለተኛውስ ብቻውን? ወይስ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው? ወይስ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነውም አይበቁም? ለስድስቱ ሁለቱ አንድ ላይ ይበቃሉ። ለየብቻቸው ግን አይበቁም።

መጀመሪያ ስሰማው ሳቄ መጣ። ሲወጣ ጠብቄ፣

«አንተ መምህር፣ በማይታወቅ ቁጥር ይህን ያህል ሰው ታደርቃለህ? ቁጥሩን ጠይቅላቸውና ገላግላቸው» አልሁት።

«ማንን ልጠይቅ አያ ሞላ?»

«የደበቀውን ሰውዬ ነዋ!»

«የደበቀ ሰውዬ የለም። ያለን እስከዚህ ነው። እስከዚህ ባለው ምን ማለት እንችላለን፣ ምንስ ማለት አንችልም፣ ነገሩ ይኸው ነው።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት በገባ ቁጥር ሰላምታው ጥያቄ ሆነ። ለእኔ አስረድቶ ካልገባኝ ለራሱም አልገባውም ማለት ነው ይል ነበር፤ እኔ ዘንድ እየሞከረ ነው ክፍል የሚገባው።

«እንዴት አደሩ አያ ሞላ? አንድ ቁጥር አለ። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። ጎዶሎ ነው ለማለት ይህ ይበቃል?»

ቆሜ አስባለሁ። ሦስት ጎዶሎ ነው፣ አምስትም፣ ሰባትም፣ አሥራ አንድም። «ይበቃል፤ ጎዶሎ ነው» እላለሁ።

«ሁለትን የት ጣሏት?»

ሁለት እንዲህ ያለች ተንኮለኛ መሆኗን በዚያ ዕድሜዬ ነው ያወቅሁት።

በዜሮ ግን ተጣልተናል። ዜሮ ለስድስት ይካፈላል አለኝ።

«የሌለ ነገር ለማን ይካፈላል?» አልሁት።

«ለስድስት እንግዳ ባዶ ሌማት ቢያቀርቡ ምን ይደርሳቸዋል?»

«ራብ ይደርሳቸዋል።»

«እኩል ደረሳቸው አይደለም?»

አልተቀበልሁትም። ዛሬም አልቀበልም። ባዶ ሌማት ያቀረበ ሰው አካፈለ አይባልም።

አንድ ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ጻፈና «ይህ ቁጥር ለሃያ አራት ይካፈላል ወይ? አንደኛ፣ ለአራት ይካፈላል። ሁለተኛ፣ ለስድስት ይካፈላል» አላቸው። ክፍሉ በአንድ አፍ «ሁለቱ አንድ ላይ ይበቃሉ! አራት ጊዜ ስድስት ሃያ አራት!» አለ። እሱ አገጩን በጠመኔው መታ። እንዲያ ሲያደርግ አንድ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። አፌን መያዝ አቅቶኝ በመስኮቱ በኩል፣

«አሥራ ሁለትስ?» አልሁ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ወደ መስኮቱ መጣ። «ያስረዱን አያ ሞላ።»

«አሥራ ሁለት ሻንጣ በአራት በቅሎ ብትጭን ሦስት ሦስት ይደርሳል። በስድስት በቅሎ ብትጭን ሁለት ሁለት ይደርሳል። በሃያ አራት በቅሎ ልጫን ካልህ ግን ሻንጣውን መቅደድህ ነው።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ከጤና ጣቢያ የሚመጣ አንድ አፈኛ ጎረምሳ «አያ ሞላ፣ ማስተርስዎን የት ሊማሩ አሰቡ?» አለኝ።

«አንተ በወደቅህበት» አልሁት።

መምህር እሸቴ አልሳቀም። ፊቱ በርቶ ነበር። ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ ያን ዕለት የተናገረውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «አራት ውስጥ ሁለት አለ። ስድስት ውስጥም ሁለት አለ። እናንተ ያንኑ ሁለት ሁለት ጊዜ ቆጠራችሁት። ሁለት ፍንጭ መጣልኝ ማለት ሁለት ነገር አወቅሁ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሚጋሩትን አውጡ፤ ከዚያ የቀረውን እዩ።»

ሌላም ሕግ ነበረው። ሰነፍ ተማሪ ጥያቄው ሲከብደው «አይበቃም» ብሎ ሊያልፍ ይወዳል። ይህን አይፈቅድም። «አይበቃም ያለ ሰው ሁለት ቁጥር ያምጣ» ይላል። «ፍንጩን ሁሉ የሚያሟላ ሆኖ መልሱ አዎ የሚሆንበት አንድ፤ ፍንጩን ሁሉ የሚያሟላ ሆኖ መልሱ አይደለም የሚሆንበት አንድ። ሃያ አራትንና አሥራ ሁለትን እንዳመጣን። ሁለተኛውን ቁጥር ያጣ ሰው አይበቃም የማለት መብት የለውም።»

ታዲያ ይህ ሕግ ራሱን ነው የበላው። ተማሪዎቹ ጎንደር እየወረዱ ተፈተኑ፣ ብዙዎቹ አለፉ፤ ያ አፈኛ ጎረምሳ እንኳ አለፈ። እሱ ሁለት ጊዜ ተፈተነ፣ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሁለተኛውን ጊዜ ከሚኒባስ ሲወርድ ተቀበልሁት።

«እህ?»

«ሰዓት አለቀብኝ አያ ሞላ።»

«ምን ስትሠራ?»

«አንዱ ጥያቄ ላይ ሁለተኛውን ቁጥር ስፈልግ። እንደማይበቃ አውቄዋለሁ፤ ቁጥሩን ግን አላገኘሁትም። ሳላገኝ ማለፍ አቃተኝ። ቀና ስል ኮምፒውተሩ ተዘግቷል።»

ተናደድሁ። «ገምተህ አትነካውም ነበር? ሁሉም እኮ የሚገምት ነው!»

«ገምቼ ካለፍሁ ያለፈው ማነው?» አለኝ። ቦርሳውን ተቀብዬ ወደ ቤቱ ሄድን። መንገድ ላይ ተማሪዎቹ እያስቆሙ እያመሰገኑ ያቅፉታል። እሱም እንኳን ደስ ያላችሁ ይላቸዋል።

ከዚያ ጊዜው ተበላሸ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ስልክ ከጠፋ ወራት ሆነው። የበየዳዎቹ ሁለት መምህራን ቅዳሜያቸውን አጡ። ፈተናው ሲቃረብ በሰው እጅ ደብዳቤ ላኩለት፤ መምጣት አልቻልንም፣ ሳንዘጋጅ ልንቀመጥ ነው የሚል። አንብቦ አጠፈውና «እሄዳለሁ» አለ።

«የት?»

«በየዳ። ሳምንት ብቻ ነው።»

ማክሰኞ ጠዋት ትንሽ ቦርሳ ይዞ በሩ ላይ ደረሰ። እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ጉልበቴን የጨረስሁበት መንገድ ነው። ከለከልሁት።

«መንገዱ ጥሩ አይደለም።»

«ጥሩ አይደለም ለማለት ምን አለዎት?»

«አንደኛ፣ ከዚያ ወገን መኪና ከመጣ ስምንት ቀኑ ነው። ሁለተኛ፣ እሑድ ዕለት ተኩስ ተሰምቷል።»

ሳቅ አለ፤ ጠመኔውን ከኪሱ አውጥቶ አገጩን መታ። «መኪናው ናፍጣ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ተኩሱ ሠርግ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም የሚያሟላ ደኅና መንገድ አለ ማለት ነው። አይበቃም አያ ሞላ።»

እውነት ለመናገር፣ አሳቀኝ። በራሴ መሣሪያ መረታቴ አሳቀኝ። «አንተን የሚረታ የለም፤ ሂድ እንግዲህ» ብዬ በሩን ከፈትሁለት። ያ ጥያቄ የሰሌዳ ጥያቄ እንዳልሆነ ያኔ ለሁለታችንም አልታየንም። ሰሌዳ ላይ አይበቃም ብለህ ብትሳሳት ሰሌዳው ይጠረጋል። ይህን አሁን እኔ ስጽፈው ቀላል ነው። ያን ጊዜ ግን በሩን የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይደለም።

ሳምንት ያለው ወር ሆነ። በሁለተኛው ወር የእህል ነጋዴው ሰይድ ሱቁ በር ላይ አስቆመኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አያ ሞላ፣ መምህሩ ከጨነቅ ወዲያ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል ሲሉ ሰማሁ፤ አላህ ያጽናችሁ» አለኝ። በሳምንቱ ከበየዳ የመጣ አንድ ዲያቆን ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ይህንኑ ተናገረ። ሁለት ሰው፣ አንዱ እስላም አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ከደባርቅ አንዱ ከበየዳ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

እናቱ የሻረግ ዳባት ነው የምትኖረው። ጥጥ እየፈተለች ያሳደገችው አንድ ልጇ ነው። የንስሐ አባቷ ቄስ ምትኩ ነገሩን ሲሰሙ ሦስት ሽማግሌ ይዘው ደባርቅ እኔ ዘንድ መጡ። በአገራችን መርዶ በማለዳ ነው፤ ሰውዬው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ሽማግሌዎች ደጁ ይደርሳሉ።

«ሞላ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ እንድንደርስ ዛሬ አብረን እንውረድ» አሉኝ ቄስ ምትኩ።

«እኔ ለምን አባ? እናንተ አትበቁም?»

«ሴትየዋ ሐሜቱ ጆሮዋ ደርሷል መሰለኝ፤ አያ ሞላ ካልነገረኝ አላምንም ብላለች። ልጁ ስላንተ ይነግራት ነበር አሉ። አንተ ካልቆምህ መርዶው አይቆምም።»

እሺ ልል ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «አንድ ቀን ስጡኝ» አልኋቸውና ሰይድ ዘንድ ሄድሁ። ከማን ሰማህ አልሁት። ከበየዳ እህል ከሚያመላልስ ሾፌር። ዲያቆኑን ፈልጌ አገኘሁት። ከማን ሰማህ አልሁት። ከዚያው ሾፌር፤ ያመጣኝም እሱ ነው አለኝ። ሾፌሩን ጎሚስታ ቤት በር ላይ ጎማ ሲያስለጥፍ ያዝሁት።

«መምህሩን አይተኸዋል?»

«ኧረ አባቴ፣ እኔ ከመኪና አልወረድሁም። ማን ይወርዳል በዚያ ቦታ? ሰው ወድቆ አየሁ። ግራጫ ኮት ለብሷል።»

«ፊቱስ?»

«በግንባሩ ነው የተደፋ።»

«ታዲያ መምህሩ ነው ማን አለህ?»

«ተሳፋሪዎቹ እንዲያ አሉ። መምህሩ ግራጫ ኮት አልነበረውም እንዴ?»

«የደባርቅ ልባሽ ተራ ሙሉ ግራጫ ኮት ነው!» ብዬ ጮኽሁበት። ደንግጦ ብሎን መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ምስኪን፣ እሱ ምን አጠፋ።

ተመልሼ ለቄስ ምትኩ «አባ፣ ይህ ሁለት ምስክር አይደለም። አንድ ሾፌር ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ነው። ሾፌሩም አላየም። አልሄድም» አልኋቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጁ ቁጥር ሲያስተምርህ ልብህንም ይዞት ሄደ?»

«ይዞት ይሂድ። ያላየሁትን አላረዳም።»

«እናትየዋስ? እንዲህ ተንጠልጥላ ትቅር?»

«በውሸት ከማውረድ ይሻላል።»

ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ሳይመርቁኝ ሄዱ። ያን ጊዜ ትክክል ነበርሁ። ዛሬም ሒሳቡ ትክክል ነው እላለሁ።

በማግሥቱ ብቻዬን ዳባት ወረድሁ። የሻረግ ደጃፏ ላይ እንዝርት ታሾራለች። ስታየኝ እንዝርቱን አላቆመችም።

«ሊያረዱኝ ነው የመጡ?»

«አይደለም እቴ የሻረግ። የማውቀውን ልነግርሽ ነው።»

የሰይድን፣ የዲያቆኑን፣ የሾፌሩን፣ የግራጫውን ኮት፣ አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኋት። «ሞቶ ሊሆን ይችላል። ደግሞም በየዳ ደርሶ መንገድና ስልክ ጠፍቶበት ሊሆን ይችላል፤ እስከ ዛሬ የሰማነውን ይህም አያፈርሰውም። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የምንቆርጥበት ነገር የለንም» አልኋት።

«እንዲህ ነው የሚያስተምር?»

«እንዲህ ነው።»

«እንግዲያው አላለቅስም» አለች።

አላለቀሰችም። እንደ ልማዷ ነጭ ለብሳ ገበያ ወጣች፣ ሠርግ ሄደች። በየወሩ አንድ ጊዜ እወርዳለሁ። ቁጭ ስል ጥያቄዋ አንድ ነው። «ዛሬስ የት ይመስልዎታል?» እኔም አዲስ የሰማነውን ሁሉ ጨምሬ፣ ያን ሁሉ የማይጥስ፣ እሱ በሕይወት ያለበት አንድ መንገድ ፈልጌ እሰጣታለሁ። ያንን ይዛ ወሩን ትኖራለች። እኔም ወሩን ሙሉ በሩ ላይ ቆሜ የሚመጣውን ወር መልስ ስፈልግ እከርማለሁ። ሰው የሚገባበትን የሚወጣበትን አላይም ነበር።

የበየዳ መንገድ ተከፈተ። ሁለቱ መምህራን መጡ፤ እኛ ዘንድ አልደረሰም አሉ፤ አንደኛው አለቀሰ። በየዳ ነው ያልሁት ወደቀ። እንግዲያው መንገድ ላይ ተይዟል አልሁ። የተያዙት ተለቀቁ፣ ዝርዝሩን የሚያውቅ ሰው ጠየቅሁ፤ የለበትም። እንግዲያው ወደ ተከዜ ቆላ ወርዶ ይሆናል አልሁ። ቆላ የወረዱት ተመለሱ፤ ያየው የለም። ስልክ ተመለሰ። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ስልክ ሲመለስ የሻረግ የጎረቤት ስልክ ተውሳ ሦስት ቀን ሙሉ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዋለች። እንግዲያው ታሞ፣ ስልክ ከማይደርስበት ገዳም ተጠግቶ ይሆናል አልሁ። ሁለት ገዳም በእግሬ ሄድሁ። ጉልበቴ እስከ ዛሬ ያመኛል። የለም።

ሰው ጠላኝ። የዳባት ሴቶች ገበያ ላይ «ይኸ ነው ያገታት» እያሉ በጣት ያሳዩኛል። አንዷ ፊት ለፊት መጥታ «ለመሆኑ አያ ሞላ፣ የርስዎ ልጅ ቢሆን እንዲህ ይጠብቁ ነበር?» አለችኝ። ልጅ የለኝም። እሱን አልነገርኋትም።

ባለፈው ጥቅምት መጀመሪያ የሻረግ ታመመች፣ ትፈልግሃለች የሚል ስልክ መጣልኝ። በማለዳው መኪና ወረድሁ። መደብ ላይ ተኝታለች፤ ፊቷ ጠቁሯል። ቄስ ምትኩ ከራስጌዋ ተቀምጠዋል። ስገባ ቦታ ለቀቁልኝ፤ ያን መርዶ እምቢ ካልሁ ወዲህ ከእኔ ጋር የጨዋ ሰላምታ እንኳ አልነበረንም።

«አያ ሞላ» አለች፣ «እኔ እንግዲህ መሄዴ ነው።»

«ኧረ ተይ።»

«ይስሙኝ። አባ ስሙን እየጠየቁኝ ነው። በየቅዳሴው በክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል እያልሁ ከሕያዋን ጋር ነው የማስጠራው። እኔ ስሞት የሚያስጠራው የለም። እሳቸው ያስጠሩልኛል። ግን ከየትኛው ወገን፣ ከሕያዋን ወይስ ከሙታን? ሞቶ እንደሆነ ይኸን ሁሉ ዘመን ያለ ፍትሐት አስቀረሁት። በሕይወት እንደሆነ ደግሞ ልጄን በቁሙ ልቅበረው?»

ቄስ ምትኩ አንገታቸውን ደፉ።

«አልቸኩልብዎትም» አለች። «አንድ ብቻ ይስጡኝ። እስከ ዛሬ የሰማነውን ሁሉ የማያፈርስ፣ በሕይወት ያለበት አንድ ቦታ። እሱን ካገኙ ከሕያዋን ጋር ይቆይ።»

ተቀመጥሁ። አሰብሁ። በየዳ፣ አይደለም። እስር ቤት፣ አይደለም። ቆላ፣ አይደለም። ገዳም፣ አይደለም። ሱዳን ብል፣ ከሱዳን የሚደወልለት ሰው ዳባት ሙሉ ነው፤ እሱም በደወለ ነበር። አእምሮውን ስቶ፣ ስሙን ረስቶ በአንድ ከተማ ይዞራል ልል አፌን ከፈትሁ። አየችኝ። እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ አስተማሪ ነው ያየችኝ። ያ የምፈልገው ቁጥር እንዳልሆነ፣ ካጣሁ በኋላ የፈጠርሁት እንደሆነ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። አፌን ዘጋሁ።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁ። አንድ ሳልዘል ሁሉንም አየሁ። ቄስ ምትኩ አልተንቀሳቀሱም። ውጭ አንድ ሰው አህያ እየነዳ አለፈ። ፍንጩ ዛሬም ያው አንድ ሾፌር ነው፤ ያላየ ሾፌር። ለመሞቱ የሚበቃ ነገር የለኝም። ነገር ግን የሚኖርበት አንድ ቦታ፣ አንዲት ብቻ፣ በዚህ ሁሉ ምድር ላይ አጣሁለት።

የሻረግ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ላግዛት እጄን ብዘረጋ መለሰችው። ነጠላዋን ከራሷ አወረደች፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያ ልጇን በስሙ ጠራችው። አንድ ጊዜ ብቻ ቀስ አድርጋ። በሁለተኛው ግን ድምፁ ከዚያ ከደከመ ደረት እንዴት እንደወጣ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ጎረቤቶቿ እየሮጡ ገቡ። የፊተኛዋ ሴት እጇ ሊጥ እንደሆነ ነው የመጣች። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አይታ ደረቷን መታች።

«ማነው ያረዳት?» አለች።

ቄስ ምትኩ ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ከተቀመጥሁ ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣኝም ነበር።

«እኔ ነኝ» አልሁ።